ድምፅ አልባዋ ተዋናይት፦ የኤቭሊን ፕሪር ሕይወት

ለዚህ የትምህርት ክፍላችን መጽሔት እንድጽፍ ሲነገረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት ለመጻፍ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ እንዲህ ያለች ተዋናይት አለመኖሯ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ድምፅ አልባ ፊልም በዓለም ላይ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ ፊልምን ድምፅ ካገኘ በኋላ ነው የተቀበልነው ማለት ይቻላል።

ሐሳቤን ልተው ስል ግን በሌላ ነገር ፍለጋ ላይ ሳለሁ አንድ ስም አገኘሁ፤ የኢትዮጵያ አርት ቲያትር የሚል። ደስ ብሎኝ ሳነብ ቡድኑ የተቋቋመው አዲስ አበባ ሳይሆን አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ሆኖ አገኘሁት። ከዋና ተዋንያኑ አንዷ ኤቭሊን ፕሪር ትባላለች፤ የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይትም ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህችን ሴት መልቀቅ አልቻልኩም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤቭሊን የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1896 በሚሲሲፒ ግዛት ቪክስበርግ በተባለች ከተማ ነው። ልብ በሉ፣ አድዋ ላይ ድል ካደረግን አምስት ወር እንኳ አልሞላም። የአባቷ ቤተሰብ ስም ጃርቪስ ነው። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ስለሞተባት እናቷ ብላንሽ ይዛት ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺካጎ ተሰደደች። በእነዚያ ዓመታት ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጎርፈው ጥቁር ሕዝብ ብዙ ነበር። ደቡብ ውስጥ ጥቁርን ያለ ፍርድ በገመድ ማንጠልጠል የተለመደ ነበር። ሰሜን ደግሞ ፋብሪካ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ቢያንስ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል። ለዚህ ነው የሚሄዱት።

እናቷ የጴንጤቆስጤ ሰባኪ ነበረች። ልጅቷም ከእናቷ ጋር መንገድ ዳር ቆማ ትሰብክ፣ ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ታሰባስብ ነበር ይባላል። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ ከዚራ አካባቢ በዛፎቹ ጥላ ሥር ድምፅ ማጉያ ይዘው የሚያስተምሩት ሰዎች ናቸው። አላፊ አግዳሚውን ማቆም፣ ድምፅን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ በዓይንና በእጅ መናገር፣ ይሄ ሁሉ የተዋናይ ሙያ ነው። ኤቭሊን ትወናን በየትኛውም ትምህርት ቤት አልተማረችም፤ ትምህርት ቤቷ የመንገድ ዳር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ በየከተማው በሚዞሩ የተለያዩ ትርዒቶች ላይ መሥራት ጀመረች።

አሁን ኦስካር ሚሾን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሱ የኤቭሊን ታሪክ አይነገርም። ሚሾ በ1884 ኢሊኖይ ውስጥ የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። በባቡር ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ሠራ፣ ገንዘብ አጠራቀመ፣ ሳውዝ ዳኮታ ሄዶ ነጮች መካከል መሬት ገዝቶ አረሰ። (የባቡር ከተማ ልጆች ስለሆንን ይህች የባቡር አስተናጋጅነት ነገር ልባችንን ትነካለች።) እርሻው ሲከስር ታሪኩን መጽሐፍ አድርጎ ጻፈና ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ራሱ ሸጠ። በ1917 «ዘ ሆምስቴደር» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትም አንድ የጥቁሮች ፊልም ኩባንያ መጽሐፉን ወደ ፊልም ልለውጠው አለው። ሚሾ እኔ ካላዘጋጀሁት አይሆንም አለ፤ አልተስማሙም። ታዲያ ምን አደረገ? ፊልም ሠርቶ የማያውቀው ሰው የራሱን ኩባንያ አቋቋመ።

«ዘ ሆምስቴደር» በየካቲት 1919 ቺካጎ ላይ ታየ። የጥቁሮች በሆነ ኩባንያ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም የሚባለው ይህ ነው። ከሴቶቹ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዷን፣ ኦርሊንን፣ የተጫወተችው የሃያ ሁለት ዓመቷ ኤቭሊን ነበረች። ፊልሙ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ይህን ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያሉበት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን አሜሪካን ጎበኘ። ሁለተኛው፣ በሐምሌ መጨረሻ ቺካጎ ላይ የዘር ግጭት ተነሥቶ 38 ሰዎች ሞቱ፤ 23ቱ ጥቁሮች፣ 15ቱ ነጮች ነበሩ። የሚሾ ሁለተኛ ፊልም «ዊዚን አወር ጌትስ» (በደጃችን ውስጥ እንደ ማለት ነው) ለመታየት የተዘጋጀው ከዚህ ግጭት ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሳንሱሩ ፊልሙ ሌላ ግጭት ያስነሣል ብሎ ፈራ። ሚሾ ተከራክሮ ተከራክሮ በጥር 1920 አስከፈተው። አንዳንድ ቦታ ግን እየተቆራረጠ ታየ፣ አንዳንድ ቦታም ተከለከለ።

እኔ ያየሁት የኤቭሊን ፊልም ይህ አንዱ ነው፤ ከሚሾ ጋር ከሠራቻቸው ውስጥ የተረፈውም ይኸው ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ኤቭሊን የምትጫወተው ሲልቪያ ላንድሪ የተባለች መምህርትን ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሰሜን ነው ያለችው፤ እጮኛዋ ኮንራድን ትጠብቃለች። ኮንራድን ለራሷ የምትፈልገው የአጎቷ ልጅ ግን ተንኮል ትሠራና ኮንራድ ሲልቪያን ከነጭ ሰው ጋር ያገኛታል። አንገቷን አንቆ ሊገድላት ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሲልቪያ ወደ ደቡብ ሄዳ በአንድ ድሃ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ስለሌለው ሊዘጋ ነው፤ 5,000 ዶላር ያስፈልጋል። ሲልቪያ ገንዘብ ልትለምን ወደ ቦስተን ትሄዳለች። ቦስተን ላይ አንድ ሕፃን ከመኪና ስታድን ራሷ ትገጫለች። የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ ዋርዊክ ሀብታም ናት፤ ልትረዳት ታስባለች። አንዲት የደቡብ እመቤት ግን ጥቁርን ማስተማር ምን ይጠቅማል ብላ ልታስቀራት ትሞክራለች። በመጨረሻ ወይዘሮዋ በምክሩ ተናዳ በ5,000 ፋንታ 50,000 ዶላር ትሰጣለች። በእኛ አገር ፊልም ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

አላለቀም። አንድ ሐኪም ስለ ሲልቪያ ያለፈ ሕይወት ይጠይቅና ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲልቪያን ያሳደጓት አቶ ላንድሪ ከባለመሬቱ ጋር ሒሳብ ሊተሳሰቡ ሄደው ሳለ ባለመሬቱ በመስኮት በተተኮሰ ጥይት ይገደላል። የገደለው ሌላ ነጭ ነው፤ የተከሰሱት ግን ላንድሪ ናቸው። ሕዝቡ ባልና ሚስቱን ጫካ ውስጥ አድኖ ይይዛቸዋል፣ ይሰቅላቸዋል፣ ሬሳቸውንም ያቃጥላል። ሚሾ ይህን እያሳየ በመሐል በመሐል ወደ ሲልቪያ ይመለሳል፤ ባዶ ቤት ውስጥ የሟቹ ባለመሬት ወንድም ሊደፍራት ይታገላታል። ልብሷ ሲቀደድ ደረቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ያያል። በዚያ ጠባሳ የገዛ ልጁ መሆኗን ይገነዘባል፤ ከጥቁር ሴት የወለዳት ልጁ ናት።

ይህ ትዕይንት ለምን እንደተሠራ ለመረዳት ሌላ ፊልም መጥቀስ አለብኝ። በ1915 ግሪፊዝ የተባለው ታዋቂ አዘጋጅ «የአንድ ሕዝብ ልደት» የሚል ፊልም አውጥቶ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ነጭ ሴቶችን የሚያሳድዱት ጥቁሮች ናቸው፤ እነሱንም የሚጫወቱት ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ናቸው። ብዙዎች የሚሾን ፊልም ለዚያ እንደተሰጠ መልስ ያዩታል። ማን ማንን ሲያሳድድ እንደኖረ ገልብጦ አሳየ። ያንን መልስ ግን ሚሾ በጽሑፍ ቢያስቀምጠው ማን ያነበው ነበር? መልሱን በሰውነቷ የተሸከመችው ኤቭሊን ናት። ጠረጴዛ ዙሪያ እየሮጠች፣ ባላት አቅም እየታገለች፣ ድምፅ ሳይኖራት ትጮኻለች። ፊልሙ ድምፅ እንደሌለው የረሳሁት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ጓደኞቼ ድምፅ የሌለው ፊልም አንድ ሰዓት ከሩብ እንዴት ታይዋለሽ ብለው ስቀውብኛል። እኔ ደግሞ የምላቸው፣ ድሬዳዋ አድጎ ይህን መጠየቅ ነውር ነው። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ ቃል ሳንሰማ የሕንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ሙሉ እያየን ስናለቅስ ያደግን አይደለን እንዴ? ፊት ካለ ቋንቋ ምን ያደርጋል አቦ!

ከዚህ ፊልም በኋላ ኤቭሊን ለሚሾ ሌሎችንም ሠርታለች፦ «ዘ ብሩት» (1920)፣ «የጋንሶለስ ምስጢር» (1921)፣ «በርዝራይት» (1924)፣ «ዘ ኮንጁር ውማን» (1926) እና ሌሎችንም። የጥቁሮች ጋዜጦች በፊልም ከነበሩት ሴቶች ሁሉ ቀዳሚዋ አድርገው ያዩዋት ነበር። በ1927 ራሷ በአንድ የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ፊልም ስትሠራ ያጋጠሟትን ነገሮች በተከታታይ ጽፋለች። ፊልሞቹ ከጠፉ በኋላ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መናገር አያስፈልግም።

ፊልም ብቻውን ግን እንጀራ አልሆናትም። በ1920 የላፋየት ተዋንያን ከተባለው የቲያትር ቡድን ገባች። ይህን ቡድን በ1915 የመሠረተችው አኒታ ቡሽ የተባለች ጥቁር ሴት ናት። ነጮች በትልልቅ ቲያትር ቤቶች የሚያዩትን ቁም ነገር ያለው ድራማ ጥቁሮቹ ለራሳቸው ተመልካች ይጫወቱት ነበር። ጥቁር ተዋናይ ማለት ዘፋኝና አስቂኝ ማለት በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኤቭሊን የወደፊት ባሏን ኤድዋርድ ቶምፕሰንንም ያገኘችው እዚያው ነው፤ በ1924 ተጋቡ።

አሁን ወደ ጀመርኩበት ስም ልመለስ። ሬይመንድ ኦኒል የተባለ ነጭ አዘጋጅ ቺካጎ ላይ የጥቁር ተዋንያንን ሰብስቦ የኢትዮጵያ አርት ቲያትርን አቋቋመ። በግንቦት 1923 ቡድኑ ኒው ዮርክ ሄዶ ብሮድዌይ ላይ በፍሬዚ ቲያትር ቤት ቀረበ። ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ የዊሊስ ሪቻርድሰን አጭር ተውኔት ነበር፤ ጥቁር ደራሲ የጻፈው፣ ዘፈንና ጭፈራ ያልሆነ ተውኔት ብሮድዌይ ላይ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነው። ሌላው የኦስካር ዋይልድ «ሰሎሜ» ነው። ሰሎሜን የተጫወተችው ኤቭሊን ናት፤ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ በወጭት ያስጠየቀችውን የሄሮድያዳን ልጅ። የሰባኪ ልጅ መሆኗን እያሰባችሁ አንብቡት። ቡድኑ ኒው ዮርክ ላይ ብዙ አልቆየም፤ እሷ ግን ስሟ ታወቀ።

ለምን ኢትዮጵያ አሉት? እነሱ ኢትዮጵያውያን አልነበሩም፤ ከመካከላቸው አገራችንን ያየ አለ ብዬም አልገምትም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር የምትዘረጋ ስለሆነች የአሜሪካ ጥቁሮች ስሟን ለቤተ ክርስቲያኖቻቸውና ለማኅበሮቻቸው ያወጡ ነበር። ኒው ዮርክ ያለው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው። ይሄ የምንኮራበት ወገን ነው። ያላወቅሁት ሌላ ወገን ደግሞ አለ። በ1840ዎቹ ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው በጥቁሮች የሚቀልዱ ነጭ ዘፋኞችም ቡድናቸውን ኢትዮጵያዊ እያሉ ይጠሩት ነበር። አንድ ስም መከበሪያም መሳቂያም ሆኖ ነበር ማለት ነው። ኤቭሊን በዚህ ስም ሥር መድረክ ላይ የወጣችበት 1923 ደግሞ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችበት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ እኛ በዚያን ጊዜ ምን ላይ ነበርን ብዬ ጠየቅሁ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ እነዚህ ጎረቤታችን አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮ) የመሠረቱት ሰው፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ያሳዩት በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። ተውኔቱ ቤተ መንግሥቱን ነክቷል ተብሎ ተከለከለ፤ ቲያትርም ለዓመታት ዝም አለ። ተመልሶ ሲመጣም የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ እስኪወጡ ድረስ ከጦርነቱም በኋላ ዓመታት አልፈዋል። እነዚህ ሴቶች ምን ተብለው እንደተሰደቡ የአገራችን ሰው ያውቃል።

እኔም ትንሽ ቀምሼዋለሁ። ባለፈው ዓመት በድራማ ክበብ ውስጥ አንዲት የቡና ቤት ሴት ሆኜ ተጫውቼ ነበር። አንድ ዘመዳችን አይታኝ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያደገች፣ እኔንም ያሳደገችበት ሰው ናት። አልተቆጣችም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ዝም አለችኝ። ቁጣ ይሻል ነበር።

ወደ ኤቭሊን ልመለስ። በ1926 ብሮድዌይ ላይ «ሉሉ ቤል» የተባለ ትልቅ ትርዒት ቀረበ። ታሪኩ የጥቁር ሴት ታሪክ ነው፤ ከመቶ በላይ ከሆኑት ተዋንያን አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ዋናዋን ጥቁር ሴት የተጫወተችው ግን ሌኖር ኡልሪክ የተባለች ነጭ ተዋናይት ናት፤ ቀለም ተቀብታ። ኤቭሊን አነስ ያለ ቦታ ተሰጣት፤ በተጨማሪም ኡልሪክ ብትታመም የምትተካት ተጠባባቂ ሆነች። ተቀብታ የምትመጣዋን ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና እያየች፣ የማይመጣ ተራ መጠበቅ። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ይብቃኝ። ትዘፍንም ነበር፤ በዱክ ኤሊንግተን አጃቢነት ዘፍናለች።

በ1928 የላፋየት ተዋንያን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወሩ እሷም አብራ ሄደች። እዚያ «ዝናብ» በተባለው ተውኔት ውስጥ ሳዲ ቶምፕሰን የተባለችውን ሴተኛ አዳሪ ተጫወተች። ይህ ከሥራዎቿ ሁሉ በጣም ከተወደሱት አንዱ ነው። ያን ጊዜ ፊልም መናገር ጀምሮ ነበር። ብዙ የድምፅ አልባ ዘመን ከዋክብት ድምፃቸው አላምር ብሎ ወደቁ ይባላል፤ ኤቭሊን ግን ከመድረክ የመጣች ናትና ድምፅ አላስፈራትም። በ1929 «ሜላንኮሊ ዴም» በተባለ አጭር የሚናገር አስቂኝ ፊልም ታየች። ሆሊውድ ግን ለጥቁር ሴት የሚሰጠው ቦታ የታወቀ ነው። በ1932 በወጣው የማርሊን ዲትሪክ «ብሎንድ ቪነስ» ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ፊልም በትከሻዋ የተሸከመች ሴት!

በዚያው 1932 ጸደይ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ኤዴቭ ብለው ሰየሟት። ከወሊድ በኋላ ጤናዋ አልተመለሰም። በኅዳር ወር የሁለቱም ሳንባ ምች ይዟት ሎስ አንጀለስ ላይ ሞተች። 36 ዓመቷ ነበር፤ ልጅቷ ገና ዓመት አልሞላትም። ፔኒሲሊን ሆስፒታል እስኪደርስ አሥር ዓመት ያህል ይቀረው ነበር።

ቀጥሎ የሞቱት ፊልሞቹ ናቸው። የዚያን ጊዜ ፊልም ናይትሬት በተባለ ነገር የተሠራ ነው፤ በቀላሉ ይቃጠላል፣ ካልተቃጠለም በሙቀት ይበሰብሳል። ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ማን ይፈልገዋል ተብሎ ተጣለ፤ በውስጡ ያለችውን ብር ለማውጣት የቀለጠም አለ። በ2013 የወጣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጥናት እንዳሳየው ከአሜሪካ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ጨርሶ ጠፍተዋል። የጥቁሮቹማ ከመጀመሪያውም ቅጂያቸው ጥቂት ነበር።

«ዊዚን አወር ጌትስ»ም ጠፋ ተብሎ ነበር። የተገኘው ስፔን፣ ማድሪድ በሚገኘው የፊልም ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው፤ «ላ ኔግራ» (ጥቁሯ) ተብሎ። በመሐል የሚገቡት ጽሑፎች ከጥቂቶቹ በቀር ወደ ስፓኒሽ ተተርጉመው ነበር፤ ስለዚህ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበረባቸው። በመካከል ከፊልሙ የጎደለ ክፍልም አለ። በ1993 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አድሶ አወጣው። ጥቁር አሜሪካዊ ካዘጋጃቸው ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ እስከ ዛሬ ተርፎ የሚታወቀው አንጋፋው ይህ ነው።

ሕፃኗ ኤዴቭስ? አደገችና መነኮሰች፤ እህት ፍራንሲስካ ቶምፕሰን ተባለች። የካቶሊክ መነኩሲት ሆና ሳለ ቲያትር አጠናች፣ የዶክትሬት ጽሑፏንም እናትና አባቷ በተጫወቱበት በላፋየት ተዋንያን ላይ ሠራች። ኋላም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለች። ሰባኪ አያት፣ ተዋናይት እናት፣ መነኩሲት ልጅ። የማታስታውሳትን እናቷን ያገኘቻት በጥናት ነው።

ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱ ስላላስተኛን ኮምፒውተሩን በረንዳ ላይ አውጥቼ ከፍቼው ነበር። እናቴ ቡና እያፈላች በሩቁ ታይ ነበር፤ ኋላ ስኒውን እንደያዘች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጽሑፎቹን እየተረጎምኩላት አየን። ሲልቪያ ልትገጭ ስትል መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም ባትሪ አልነበረውም። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየችና የትምህርት ቤቱን ገንዘብ አገኘች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አገኘች አልኳት። እሷስ ራሷ ምን ሆነች አለችኝ፤ ስለ ተዋናይቷ መሆኑ ነው። ነገርኳት። ልጇን ማን አሳደገላት ብላ እንደገና ጠየቀች፤ ስለ መነኩሲቷ ስነግራት ስኒውን መሬት አስቀምጣ አማተበች። መብራቱ የመጣው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ የቀረውን አብረን ጨረስነው።